«ሜዲካሉን» ያለፈው አሮጌ ጠመንጃ

የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊ ይህቺን ታሪክ አይረሳትም። እ.ኤ.አ. በ2000 ሚያዝያ ወር ሩድ ቫን ኒስትልሮይ ከፒኤስቪ አይንድሆቨን ወደ ኦልድትራፎርድ ሊመጣ ነበር። ዋጋው ተቆርጧል፣ ጋዜጦች ጽፈዋል፣ ደጋፊውም በሐሳቡ ጎል መቁጠር ጀምሯል። የቀረችው ሜዲካል ብቻ ነበረች። የክለቡ ሐኪሞች ግን የልጁን ጉልበት አላመኑትም። ዝውውሩ ቆመ። ብዙም ሳይቆይ ቫን ኒስትልሮይ በፒኤስቪ ልምምድ ላይ እያለ የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። ሰር አሌክስ ፈርጉሰን አንድ ዓመት ጠብቀው በ2001 በ19 ሚሊዮን ፓውንድ አስፈረሙት። ልጁም ለቀያይ ሰይጣኖቹ 150 ጎል አገባ።

የአርሰናል ደጋፊ ደግሞ ካኑ አለው። ንዋንኮ ካኑ በ1996 ከናይጄሪያ ጋር የአትላንታ ኦሊምፒክን ወርቅ ወስዶ ኢንተር ሚላን ሲገባ በተደረገለት ምርመራ የልብ ችግር ተገኘበት። ብዙ ሰው «በቃ፣ ኳስ አበቃለት» አለ። ልቡን በቀዶ ሕክምና አስጠግኖ ተመለሰ። በ1999 መጀመሪያ ላይ አርሰን ዌንገር አመጡት። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ በስታምፎርድ ብሪጅ አርሰናል 2 ለ 0 እየተመራ ካኑ ብቻውን ሦስት አግብቶ ቼልሲን 3 ለ 2 ሲያስረታ ያየ ሰው፣ ያንን ልብ ማን ይጠረጥረው ነበር?

አንዱ ሙሉ ጤነኛ ይመስል ነበር፤ ውስጡ ግን ችግር ነበረበት። ሌላው አለቀለት ተብሎ ነበር፤ ውስጡ ግን ተጠግኖ ነበር። ሁለቱንም በዓይን አይቶ ማወቅ አይቻልም። የሚያውቀው መርምሮ የሞከረ ነው።

ይህ ነገር ከሳር ሜዳ ውጪም ይሠራል። ስማቸው ብቻ «መድፈኞቹ» የሆነ ሰዎች ሳይሆኑ እውነተኛ ተኳሾች የሚገበያዩበት ቦታ አለ። በአሜሪካ በፔንሲልቬኒያ ግዛት የአጋዘን አደን እንደ ደርቢ የሚጠበቅ ስፖርት ነው። የጠመንጃ አደኑ ለብዙ ዓመታት ከታንክስጊቪንግ በዓል ቀጥሎ ባለው ሰኞ ሲጀመር ኖሯል። በዚያ ቀን በገጠር አካባቢ ብዙ ትምህርት ቤቶች ይዘጉ ነበር። ከ2019 ጀምሮ መክፈቻው ከበዓሉ ቀጥሎ ወዳለው ቅዳሜ ተዛወረ። ከዚያ በፊት ባሉት ሳምንታት የጦር መሣሪያ መደብሮች የዝውውር መስኮት የተከፈተ ይመስላሉ። አዲስ ጠመንጃ ለመግዛት አቅሙ ያልፈቀደለት፣ ወይም «የድሮ ዕቃ ይሻላል» የሚል ሰው፣ ያገለገሉት ወደተደረደሩበት ጥግ ይሄዳል።

አንድ ገዢ እንውሰድ። ስም አያስፈልገውም፤ በየመደብሩ በዚያ ሰሞን የሚታይ ዓይነት ሰው ነው። ዕድሜው አርባ ገደማ፣ የሚያድነው ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ውስጥ፣ የሚፈልገው ቅርንጫፍ የማይዝበት፣ ቀኑን ሙሉ ቢሸከሙት የማይከብድ አጭር ጠመንጃ ነው። መደርደሪያው ላይ ጎን ለጎን ሁለት ዊንቸስተር 94 አየ። አንዱ ይብለጨለጫል። ሌላው ሰደፉ የተጫጫረ፣ የብረቱ ጥቁር ቀለም እጅ ሲይዘው ከኖረበት ቦታ ላይ የለቀቀ ነው። የሚብለጨለጨው ዋጋው ከፍ ይላል። የትኛውን ያስፈርም?

አንጋፋው

ዊንቸስተር 94 ማለት በአደን ጠመንጃ ዓለም ሮጀር ሚላ ማለት ነው። ሚላ በ1990 የጣሊያን ዓለም ዋንጫ በ38 ዓመቱ ገብቶ አራት ጎል ሲያገባ «ይኼ ሽማግሌ ከየት መጣ?» የተባለውን የሚያስታውስ ያስታውሳል። ይህ ጠመንጃም ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖት ጫካ ውስጥ ገና ተሰላፊ ነው።

የነደፈው ጆን ብራውኒንግ የሚባል የዩታ ሰው ነው። ለገበያ የቀረበው በ1894 ሲሆን ስሙን ያገኘውም ከዚሁ ነው። በዓመቱ፣ በ1895፣ ሠላሳ-ሠላሳ የሚባለው ጥይት ተሠራለት። በአሜሪካ ጭስ አልባ ባሩድ ይዞ ለአደን የወጣ የመጀመሪያው ጥይት ይህ ነው። ከዚያ ወዲህ ጠመንጃውና ጥይቱ እንደ ዮርክና ኮል ሳይነጣጠሉ ኖሩ።

አሠራሩን የአዲስ አበባ ሲኒማ ተመልካች ያውቀዋል። ካቦዩ ከቃታው ሥር ያለውን የብረት ቀለበት ወደ ታች ገፍቶ ወደ ላይ ሲመልስ ቀለሁ ይወጣል፣ አዲስ ጥይት ይገባል። ያ ቀለበት ሊቨር ይባላል። እርግጥ ጆን ዌይን በብዙ ፊልሞቹ ላይ ይዞት የሚታየው ታላቅ ወንድሙ የ1892ቱ ሞዴል ነው። የሚመስሉትም አንድ ሰው ስለነደፋቸው ነው።

ካርባይን የሚባለው አጭሩ ዓይነት አፈሙዙ 51 ሴንቲ ሜትር፣ ጠቅላላ ርዝመቱ አንድ ሜትር የማይሞላ፣ ክብደቱም ሦስት ኪሎ ገደማ ነው። ከጎኑ ሳስቶ የተሠራ ስለሆነ መሐሉን በአንድ እጅ ጨብጦ መሄድ ይቻላል። ከአፈሙዙ ሥር ባለው ቱቦ ውስጥ እንደየሞዴሉ ስድስት ወይም ሰባት ጥይት ይይዛል።

በ1927 አንድ ሚሊዮንኛው ለፕሬዚዳንት ካልቪን ኩሊጅ ተበረከተ። በ2006 ኮኔቲከት ኒው ሄቨን የሚገኘው ፋብሪካ ሲዘጋ ከሰባት ሚሊዮን በላይ ተመርቶ ነበር። ከ2010 ጀምሮ ደግሞ በጃፓን ሚሮኩ የሚባለው ኩባንያ እየሠራው ነው። እንግዲህ ሰባት ሚሊዮን ማለት ያገለገለ ለሚፈልግ ሰው ምርጫ ሞልቷል ማለት ነው። ችግሩም እዚያው ላይ ነው፤ ከሰባት ሚሊዮን ውስጥ ጉልበቱ የተበጠሰው የትኛው ነው?

ገዢዎች መጀመሪያ የሚጠይቁት «ከ64 በፊት ነው ወይስ በኋላ?» ብለው ነው። በ1964 ፋብሪካው ወጪ ለመቀነስ ሲል አሠራሩን ቀየረ። ተቀጥቅጠውና ተፈልፍለው ይሠሩ የነበሩ አንዳንድ የውስጥ ክፍሎች ከቆርቆሮ እየተቆረጡ ወጡ፣ በብሎን ፋንታ ፒን ገባ። ደጋፊ ደግሞ ደጋፊ ነው፤ አልረሳላቸውም። በኋላ ላይ ነገሩ ቢሻሻልም «ከ64 በፊት» የሚለው ቃል እስከ ዛሬ ዋጋ ያስወድዳል። መለያው አካሉ ላይ ያለው ቁጥር ነው። በመደበኛዎቹ ላይ ከ2 ሚሊዮን 700 ሺህ ጀምሮ ያለ ቁጥር ከለውጡ በኋላ የመጣ ነው። ሆኖም ከ64 በኋላ የተሠራ ሁሉ ውራጅ፣ ከ64 በፊት የተሠራ ሁሉ ወርቅ አይደለም። የድሮው በዝገት የተበላ፣ የኋለኛው ደግሞ ሃያ ጥይት ያልተተኮሰበት ሊሆን ይችላል።

ሜዲካሉ

ሰውየው መጀመሪያ ያነሳው የሚያብረቀርቀውን ነው። ማን ያልፈዋል? ከመነሳቱ በፊት ግን አንድ ሕግ አለ። ሻጩ ሊቨሩን ከፍቶ ባዶ መሆኑን ያሳያል። ገዢውም ሲቀበል ራሱ ደግሞ ያያል፣ ጣቱንም አስገብቶ ይዳስሳል። «አይተኸዋል እኮ» ተብሎ አይታለፍም። አፈሙዙም ወደ ሰው አይዞርም። በዚህ ስፖርት ላይ ቀይ ካርድ ከሜዳ ብቻ አያስወጣም።

ቀጥሎ ብሎኖቹ። ብሎን ብዙ ያወራል። አናታቸው በማይገጥም ካቻቪቴ የተቦረቦረ ከሆነ ያልተማረ እጅ ገብቶበታል ማለት ነው። የሚብለጨለጨው ጠመንጃ ብሎኖች ተቦርቡረዋል። በአካሉ ላይ ያለው የፋብሪካ ጽሑፍም ጠርዙ ሟሙቷል፣ ፊደሎቹ ሳስተዋል። ይህ ማለት ዝገት በሞረድ ወይም በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ብረቱ እንደገና ቀለም ተነክሯል ማለት ነው። ዲኤክስ ለመግዛት የዞረ የአዲስ አበባ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ቀለሙ አዲስ፣ ቦዲው ግን ተመትቶ የተቃና። ለዚህም ነው መኪና ገዢ ጎኑ መካኒክ ይዞ የሚሄደው።

ዋናው ምርመራ አፈሙዙ ውስጥ ነው። ዊንቸስተር 94 ከኋላው ድፍን ስለሆነ እንደ ሌሎቹ ጠመንጃዎች ከኋላ ማየት አይቻልም። ሊቨሩ ተከፍቶ ውስጡ ትንሽ መብራት ይገባና ከፊት በኩል ይታያል። ጥይቱን እያሽከረከረ የሚያስወጣው ጠመዝማዛ ቦይ ጠርዙ ጥርት ብሎ መታየት አለበት። ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ዝገት የበላው ነው። ትንሽ ነጠብጣብ ሁልጊዜ አይገድልም፤ ብዙ ከሆነ ግን ጥይቱን ያበላሸዋል።

እዚህ ላይ የብዙ ገዢ ዓይን የማያይ አንድ ነገር አለ። ከኋላ ድፍን በመሆኑ ይህ ጠመንጃ የሚጸዳው ከፊት በኩል ዘንግ እየገባ ነው። ሃምሳ ዓመት ሙሉ በግድየለሽ እጅ የገባና የወጣ ዘንግ የአፈሙዙን ጫፍ ከአንድ ወገን ይበላዋል። ጥይቱ ሲወጣ መጨረሻ የሚነካው ይህንኑ ጠርዝ ነው። ጠርዙ ከተዛባ፣ ኳስ የሚመታ ተጫዋች በመጨረሻዋ ቅጽበት ቁርጭምጭሚቱ እንደተንሸራተተ ነው፤ የቀረው ሁሉ ትክክል ቢሆንም ኳሷ ትሄዳለች። የሚብለጨለጨው ጠመንጃ ጫፍ በአንድ በኩል ሞላላ ሆኗል። የተጫጫረው ጫፍ ግን ክብ፣ ጠርዙም የተሳለ ነው።

ሰውየው ያንን አስቀምጦ ይህንን ያዘ።

ከዚያ የሰውነት እንቅስቃሴ ይፈተናል። በሻጩ ፈቃድ ባሩድ በሌላቸው የሙከራ ጥይቶች ሊቨሩ ቀስ ብሎ፣ ከዚያ ፈጠን ተደርጎ ይሠራል። መንገድ ላይ የሚያዝ አለ? የሚወጣው በትክክል ይወጣል? ሊቨሩ ሲዘጋ ከኋላ ወደ ላይ የሚነሳው የብረት መቆለፊያ እስከ መጨረሻው መውጣት አለበት። የተኩሱን ኃይል የሚሸከመው እሱ ነውና። ሊቨሩ አጥብቆ ሳይጨበጥ ቃታው መሳብ የለበትም፤ ይህ ከፋብሪካው የመጣ መከላከያ ነው። በአሮጌዎቹ ላይ ከኋላ በአውራ ጣት የሚሳበው መዶሻ ግማሽ መንገድ ላይ የሚቆምበት ቦታ አለው። እዚያ ላይ ቆሞ ቃታው ሲነካ ከወደቀ ጠመንጃው አይገዛም። አለቀ። በ1992 ተሻጋሪ ቁልፍ፣ በ2003 ደግሞ አውራ ጣት ሥር የሚንሸራተት ሴፍቲ ተጨመረለት። ከዚያ በፊት የተሠራው ግን የሚታመነው በዚያች ግማሽ መንገድ ላይ ነው።

ሰደፉ ከብረቱ ጋር የሚገናኝበት አንገት ላይ ስንጥቅ መኖሩ ይታያል። ጭረት ምንም አይደለም፤ ስንጥቅ ግን በየተኩሱ ይሰፋል። ከፊት ያለው እንጨት ሥር ዝገት ይደበቃል፣ ላብና ዝናብ እዚያ ስለሚተኛ። የኋላው ማነጣጠሪያ ከፍና ዝቅ የሚደረግባት ባለ ደረጃ ቁራጭ ብረትም ብዙ ጊዜ ጠፍታ ትገኛለች። በርካሽ የምትገኝ ብትሆንም ዋጋ ለመከራከር ትጠቅማለች። የእኛ ሰውዬ ጠመንጃ ላይም ጠፍታለች። በእሷ ሰበብ ከዋጋው ትንሽ አስቀነሰ።

የቀረው ልዩ ባለሙያ ነው። ጥይቱ የሚቀመጥበት ክፍል ልክ ሰፍቶ እንደሆነ በዓይን አይታወቅም። ጠመንጃ ጠጋኝ በመለኪያ ብረት ይለካዋል። ክፍያው ትንሽ ነው፤ ሳይለካ ቢቀር የሚመጣው ግን ፊት አጠገብ የሚፈነዳ ቀለህ ሊሆን ይችላል።

ወረቀቱ

ተጫዋች ያለ ወረቀት አይሰለፍም፤ ጠመንጃም እንዲሁ። ፈቃድ ካለው ነጋዴ የሚገዛ ሰው 4473 የሚባለውን የፌዴራል ቅጽ ይሞላል። የወንጀል ክስ፣ የፍርድ ቤት እገዳ፣ የአደንዛዥ ዕፅ ነገር፣ ለራሱ ነው የሚገዛው ወይስ ለሌላ ሰው፤ ሁሉም ይጠየቃል። ቅጹ ላይ መዋሸት ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ከዚያ የማንነት ፍተሻ ይደረጋል። አገር አቀፉ ፈጣን የፍተሻ ሥርዓት በ1998 መጨረሻ ሥራ ላይ የዋለ ሲሆን በፔንሲልቬኒያ ግን ነጋዴው የሚደውለው ለግዛቱ ፖሊስ ነው። ከነጋዴ ረጅም ጠመንጃ ለመግዛት የፌዴራሉ ሕግ የሚጠይቀው ዝቅተኛ ዕድሜ 18 ነው።

አሜሪካ ዘመድ ያለው አንባቢ ይህቺን ይያዝ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው እንደ ዜጋው በዚሁ መንገድ ሊገዛ ይችላል። በጊዜያዊ ቪዛ የገባ ግን፣ ከተወሰኑ ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር፣ ጠመንጃ መያዝ ክልክል ነው። «ጓደኛዬ ይግዛልኝ» ማለትም ሁለቱንም ችግር ውስጥ ይከታል። በኢትዮጵያ ደግሞ ነገሩ ጭራሽ ሌላ ነው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል። ሱቅ ገብቶ መርጦ መውጣት የሚባል ነገር የለም።

ሙከራው

ሰውየው ፊርማውን አኑሮ ጠመንጃውን ይዞ ወጣ። ብዙ አዳኝ እዚህ ላይ ይሳሳታል። ሜዲካሉን አልፏል ብሎ ቀጥታ ወደ ፍጻሜ ጨዋታ ያሰልፈዋል። ልምምድ የት ሄደ?

ወደ ተኩስ ልምምድ ሜዳ ሲሄድ የያዘው የጆሮና የዓይን መከላከያ፣ ሁለት ዓይነት ጥይት፣ አንድ እሽግ የወረቀት ሳህን ነው። የጆሮው ጉዳይ ቀልድ አይደለም። የጠመንጃ ድምፅ ከ140 ዴሲቤል በላይ ነው፣ አንዴ የሄደ ጆሮም አይመለስም።

ጥይቱ ጫፉ ጠፍጣፋ ነው። ምክንያት አለው። በቱቦው ውስጥ ጥይቶቹ አንዱ ከአንዱ ኋላ ተሰልፈው ይቀመጣሉ። ሹል ጫፍ ቢሆን የኋለኛው ጫፍ የፊተኛውን መቀጣጠያ ሊመታው ይችላል። ከ2000ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ጫፉ ለስላሳ ፕላስቲክ የሆነ ሹል ጥይት ወጥቷል፤ ተራ ሹል ጥይት ግን ቱቦ ውስጥ አይገባም። ሰውየው የያዛቸው 9.7 ግራምና 11 ግራም አረር ያላቸው ናቸው። ቀላሉ በሴኮንድ ወደ 730 ሜትር፣ ከባዱ ወደ 670 ሜትር ፍጥነት ይወጣሉ።

መጀመሪያ 25 ያርድ ላይ፣ ማለትም 23 ሜትር ገደማ፣ ጠረጴዛ ላይ የአሸዋ ከረጢት ተደግፎ ይተኩሳል። ሩቅ የሚጀምር ሰው ወረቀቱንም ላይመታ ይችላል፣ ጥፋቱ የት እንደሆነም አያውቅም። ሦስት ጥይት ተኮሰ። ሦስቱም አንድ ቦታ ተሰብስበዋል፣ ግን ከመሐል ወደ ግራና ወደ ታች። ደስ ያለው በዚህ ነው። ያልገባው ሰው «ሳተ» ብሎ ያዝናል። የገባው ግን ጠመንጃው አንድ ቦታ ደጋግሞ እንደሚመታ አየ። ደጋግሞ የግራውን ቋሚ የሚመታ አጥቂ ይታረማል። አንዴ ሰማይ፣ አንዴ የማዕዘን ባንዲራ የሚመታውን ግን ምን ታደርገዋለህ?

እርማቱ ቀላል ነው። የኋላው ማነጣጠሪያ ጥይቱ እንዲሄድ ወደሚፈለግበት አቅጣጫ ይገፋል። ወደ ቀኝ እንዲሄድ ወደ ቀኝ፣ ከፍ እንዲል ከፍ። በነሐስ ቁራጭ ቀስ አድርጎ መታ መታ አደረገው፣ አዲስ የገዛትን ባለ ደረጃ ብረትም አንድ ደረጃ ከፍ አደረጋት። ከዚያ 50 ያርድ፣ ከዚያ 100 ያርድ፣ ማለትም 91 ሜትር። በየሦስት ጥይቱ አፈሙዙ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቃል። ጫካ ውስጥ የምትተኮሰው የመጀመሪያዋ ጥይት ከቀዝቃዛ አፈሙዝ ነው የምትወጣውና።

በ100 ያርድ ላይ ከባዱ ጥይት ሦስት ቀዳዳ ከ10 ሴንቲ ሜትር ባልበለጠ ክብ ውስጥ አስቀመጠ። ቀላሉ ትንሽ ሰፋ አለ። በቁልጭ ማነጣጠሪያ፣ ያለ መነጽር፣ ለእንዲህ ያለ አሮጌ ጠመንጃ ይህ ጥሩ ውጤት ነው። አንጋፋው ሙከራውን አለፈ።

የራስ ሜዲካል

አንድ ነገር ግን ቀርቷል። እስካሁን የተፈተነው ጠመንጃው ነው። ተኳሹስ?

የወረቀት ሳህኑ የመጣው ለዚህ ነው። የአጋዘን ልብና ሳንባ ያለበት ቦታ ወርዱ ወደ 20 ሴንቲ ሜትር፣ እንደ ሳህን ነው። ጥይት እዚያ ከገባ እንስሳው ወዲያው ይወድቃል ወይም ጥቂት ሮጦ ይወድቃል። ከዚያ ወደ ኋላ ሆድ ላይ፣ ወይም እግር ላይ ከገባ ግን እንስሳው ይሄዳል። ሰዓታት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሲሰቃይ ቆይቶ ማንም ሳያገኘው ይሞታል። በኳስ ሜዳ ላይ የሳተ ሰው ራሱን ይዞ ይቆማል፣ ደጋፊ ይሰድበዋል፣ በሳምንቱ ሌላ ጨዋታ አለ። ሮቤርቶ ባጂዮ በ1994 በፓሳዴና ፍጹም ቅጣት ምቱን ከአግዳሚው በላይ ሲሰድ ያለቀሰው ራሱና ጣሊያን ነው። እዚህ ግን የሳተው ተኳሽ ሆኖ የሚከፍለው ሌላ ነው።

ሰውየው ጠረጴዛውን ትቶ ቆመ። ጫካ ውስጥ ጠረጴዛ የለም። በ50 ያርድ አምስት ተኮሰ፤ አምስቱም ሳህኑ ውስጥ ገቡ። ወደ 75 ሄደ፤ አራት ገቡ፣ አንዱ ጠርዙን ስቶ አለፈ። በ100 ያርድ ከአምስቱ ሁለት ብቻ ገቡ።

እንዴት ነው ነገሩ? ያው ጠመንጃ፣ ያው ጥይት፣ ከረጢት ላይ ሲሆን ሦስቱን አንድ ጭብጥ ውስጥ አስቀምጦ ነበር። አጭርና ቀላል ጠመንጃ ጫካ ውስጥ ለመሸከም ደስ ይላል፤ ቆሞ ለሚተኩስ ሰው ግን ቅለቱ ራሱ ፈተና ነው። አፈሙዙ ከእጅ መንቀጥቀጥ ጋር ይንቀጠቀጣል፣ ማነጣጠሪያዎቹም ስለሚቀራረቡ ትንሽ ስሕተት ሩቅ ሲደርስ ትልቅ ትሆናለች። ጥይቱ ራሱም ወሰን አለው። በ100 ያርድ ላይ ልክ የተደረገ ሠላሳ-ሠላሳ 200 ያርድ ሲደርስ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ወደ ታች ይወርዳል። ያ ማለት የሳህኑ ሙሉ ወርድ ማለት ነው። ልብ ላይ ያነጣጠረ ሰው እግር ይመታል።

ስለዚህ ሰውየው ወሰኑን በገዛ እጁ አሰመረ። ቆሞ ከሆነ 50 ያርድ፤ ዛፍ ተደግፎ ወይም ተቀምጦ ከሆነ 100። ከዚያ ወዲያ ቃታ የለም። የሱቁ ሻጭም፣ ጠጋኙም፣ ቅጹን የመረመረው ፖሊስም ይህንን ሊነግረው አይችልም ነበር። የነገረው አንድ ብር የማያወጣ የወረቀት ሳህን ነው።

የመክፈቻው ቀን

ቅዳሜ ንጋት ላይ ብርቱካናማ ልብሱን ለብሶ ጫካ ገባ። የፔንሲልቬኒያ ሕግ አዳኙ በራሱ፣ በደረቱና በጀርባው ላይ ከሩቅ የሚያበራ ብርቱካናማ እንዲለብስ ያስገድዳል፤ ሌላ አዳኝ አጋዘን መስሎት እንዳይተኩስበት። ቀዝቃዛ ነው። ጠመንጃው እጁ ላይ አልከበደውም፣ ቅርንጫፍም አልያዘበትም። የገዛው ለዚህ ነው።

ረፋዱ ላይ አንድ ቀንዳም ወንድ አጋዘን ዛፍ የተቆረጠበት ገላጣ ቦታ ዳር ብቅ አለ። ጎኑን ሰጥቶ ቆመ። እንዲህ ያለ ዕድል በዓመት አንዴ ቢመጣ ነው። ርቀቱን ለካው፤ 140፣ ምናልባት 150 ያርድ። የሚደገፍበት ዛፍ አጠገቡ የለም። አውራ ጣቱ መዶሻው ላይ አረፈች። ሁሉም አዳኝ በዚያች ሰዓት የሚለውን እሱም ለራሱ ይላል፤ «ምናልባት ይገባ ይሆናል።» ከሰላሳ አምስት ሜትር ወደ ጎል የሚመታ ተጫዋችም እንዲሁ ነው የሚለው። አንዳንዴ ይገባል፣ በቴሌቪዥንም ዓመቱን ሙሉ ይታያል። ሳይገቡ የቀሩትን መቶዎቹን ማንም አያሳይም።

በ100 ያርድ ላይ ሳህኑን የሳቱት ሦስት ቀዳዳዎች ትዝ አሉት። መዶሻውን ሳይስበው አውራ ጣቱን አነሳ። አጋዘኑ ጥቂት ቆሞ፣ ሣር ነጭቶ፣ ጫካው ውስጥ ገባ።

በዚያ ቀን ሌላ አልመጣም። ሰውየው ማታ ላይ ጥይቶቹን አንድ በአንድ አውጥቶ፣ ቱቦው ባዶ መሆኑን በጣቱ ዳስሶ፣ አሮጌውን ጠመንጃ በዘይት ጨርቅ ጠረገው። ውጤቱ ዜሮ ለዜሮ ነው። የጨዋታ ዘመኑ ግን ገና ሁለት ሳምንት ይቀረዋል፤ ሰኞ ከሥራ በኋላ ደግሞ ወደ ልምምዱ ሜዳ ተመልሶ ቆሞ መተኮስ ሊለማመድ አስቧል። ሳህኖቹ ገና አላለቁም።